ሳይንስ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል? የካንሳስ ክርክር

አንድ ወላጅ፦ የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት በሕዝብ የተመረጠ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1999 አብዛኛውን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት (ሕያዋን ከጋራ ቅድመ አያት ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጡ የሚለውን) ከሳይንስ መስፈርቱ ሲያወጣ ብዙ ሰው ጮኸበት። እኔ ግን ቦርዱን እረዳዋለሁ። ልጆቹ የእኛ ናቸው፣ ግብሩንም የምንከፍለው እኛው ነን። ቢያንስ ሁለቱም ሐሳብ፣ ዝግመተ ለውጡም የፈጣሪ ሥራ ነው የሚለውም፣ ይቅረብላቸውና ልጆቹ ራሳቸው ይፍረዱ። ይሄ ምን ክፋት አለው?

የባዮሎጂ መምህር፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው እንየው። በ1999 የወጣው ትምህርት በ2001 ተመለሰ። በ2005 አዲስ ቦርድ መጣና ዝግመተ ለውጥን የሚያጠራጥር መስፈርት 6 ለ 4 አጸደቀ። የሳይንስን ትርጉም ሳይቀር ነካካው። በ2007 ደግሞ ይሄም 6 ለ 4 ተሻረ። በስምንት ዓመት አራት ውሳኔ! ማስረጃው ያው ነው፣ የተቀየረው የምርጫ ውጤቱ ነው። በመሃል የተጎዳው ተማሪው ነው፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

«ልጆቹ ይፍረዱ» ላሉት፣ በምን ይፍረዱ? አንድ ምሳሌ ልስጥ። እኛ በየሴላችን 46 ክሮሞዞም (ዘረመልን የሚሸከሙ ክሮች) አለን፣ ቺምፓንዚ 48። የጋራ ቅድመ አያት ካለን፣ የጎደለው ጥንድ የት ገባ? መልሱ እኛው ውስጥ ተገኝቷል። 2ኛው ክሮሞዞማችን ሁለት የቀድሞ ክሮሞዞሞች ተጋጥመው የሠሩት ነው። መጋጠሚያው ላይ የክሮሞዞም ጫፍ ምልክት እስካሁን አለ። ልጅ ክፍል ውስጥ ይሄን ማየት አለበት። በሌላው ወገን እንዲህ የሚፈተሽ ነገር የለም።

ሌላ ተሳታፊ፦ እምነቱስ? ልጄ ቤተ ክርስቲያን የሰማውን ትምህርት ቤት ሲያፈርሱበት ዝም ልበል?

የባዮሎጂ መምህር፦ ማንም እምነቱን አያፍርስበት። የሰውን ጂኖም ፕሮጀክት (የሰውን ሙሉ ዘረመል ያነበበውን ሥራ) የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ አማኝ ክርስቲያን ናቸው፣ ዝግመተ ለውጥንም ይቀበላሉ። በ2005 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በዶቨር ትምህርት ቤቶች ጉዳይ «ኢንተለጀንት ዲዛይን (ሕይወትን የነደፈ አዋቂ አካል አለ የሚለው ሐሳብ) ሳይንስ አይደለም» ብለው የፈረዱት ዳኛ ጆን ጆንስም በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተሾሙ ናቸው። የእምነት ጠላት የሚላቸው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ወላጅ፦ የክሮሞዞሙን ነገር አልሰማሁም ነበር። ቢሆንም ቦርድ መምረጥ መብቴ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ መብትዎ ነው፣ ይምረጡ። ቦርዱ በጀቱንና አስተዳደሩን ይወስን። የሳይንሱን ይዘት ግን ለሚያውቁት ይተው። ካንሳስ በ1999 የሳይንስ መምህራንና ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ነበራት። ረቂቁን ጽፈው አቅርበው ነበር፤ ቦርዱ ነው ወደ ጎን የተወው።