ልጆችን ይዞ ዓሣ ማጥመድ፦ ለሐዋሳው የቤተሰብ ቀን የጋራ ሐሳብ እናርቅቅ

ፀሐፊ፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። ሐዋሳ ሐይቅ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት፣ 30 ልጆች፣ ስድስት ጀልባ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ወደዚያ አልገፋነውም። የሚቀነስ የሚጨመር ካለ እዚሁ ጻፉ።

ጋሽ (ጀልባ)፦ ስድስቱ ጀልባ ይቅር፣ አንድ ይበቃል። ልጅ ዓሣ ሲይዝለት ብድግ ይላል፣ ሌሎቹም ሊያዩ ወደዚያው ጎን ያዘነብላሉ። የእንጨት ጀልባ ውኃው ጸጥ ባለበት የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ አራት ልጆች፣ ሁለት አዋቂዎች፣ ከዳር 50 ሜትር ሳይርቁ፤ ሌሎቹ ከዳር ያጥምዱ። ደንገልና ቄጠማ ወዳለበት አይቀዘፍም፤ ጉማሬ አለ።

ሲስተር፦ ጋሼ ልክ ብለዋል፤ ግን «ከዳር» ስንል ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም እንዳይመስል። ሐይቁ ቢልሃርዝያ (በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚራባ ትል የሚያመጣው በሽታ) አለበት። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ትል ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ በብዛት የሚለቀቀውም ፀሐይ ሲበረታ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው ግድብ ላይ ይጠመድ፣ በ4 ሰዓትም ይብቃ። እጅ መታጠቢያ የቧንቧ ውኃ በጀሪካን እንያዝ። ውኃ የነካው ልጅ ወዲያው በፎጣ ይታሽ፣ ፎጣው ግን ዋስትና አይደለም። መድኃኒቱን በማግሥቱ መስጠት አይጠቅምም፤ ፕራዚኳንቴል ያልጎለመሰውን ትል አይገድልም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ መመርመር ነው የሚሻለው።

መሣሪያ ያዥ፦ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል። ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቋት። ከዚያ መንጠቆውን በጥጥ ውስጥ አሳልፉት፤ ጥጡን ከጎተተ ገና ነው። ጥርስ የሌለው መንጠቆ ጣት ቢወጋ በገባበት ይወጣል። ዓይን ከነካ ግን ማንም እንዳይስበው! በኩባያ ሸፍኖ ሆስፒታል ነው። ክሩ በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ይጠምጠም እንጂ በጣት ላይ አይጠምጠም፤ ዓሣው ሲጎትት ሥጋ ይቆርጣል። በልጅና በልጅ መካከል 3 ሜትር ይኑር። አምባዛ ከተያዘ አዋቂ ያውጣው፤ የጎን ክንፉ እሾህ ክፉ ነው፣ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም።

ፀሐፊ፦ ሠላሳ መንሳፈፊያ ጃኬት ከየት እናመጣለን? ካላማዳሪ አይበቃም?

ጋሽ (ጀልባ)፦ አይበቃም። ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል፣ ወይም ተገልብጦ እግሩ ወደ ላይ ይቀራል። አሥር የልጅ ጃኬት ይበቃናል፦ ሦስት ዙር፣ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት፣ ስድስት ልጅ ከግድቡ፣ አራት ከጀልባው። ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ከውኃው 10 ሜትር ርቆ፣ ከገመድ ወዲያ ይቀመጥ። ጃኬት የሚመረጠው በኪሎ ነው፤ ለብሶ ከቆለፈ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮውን ካለፈ ሰፍቷል። ለትንንሾቹ በእግር መካከል የሚታሰረው ማሰሪያ የግድ ነው። ጀልባ ላይ ያሉት አዋቂዎችም የራሳቸውን ይልበሱ።

ሲስተር፦ ከግድቡ ላይ ለሦስት ልጅ አንድ ተመልካች ይመደብ፤ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰር፣ ስልክ አይያዝ፣ መንጠቆም አይፍታ። በየ20 ደቂቃው ይቀየር። የሚሰምጥ ልጅ አይጮህም፣ አፉ ውኃ ውስጥ ነው። ልጅ ቢወድቅ ተከትሎ መዝለል የለም፤ አምስት ሊትር ጀሪካን አንድ ሊትር ያህል ውኃ ተጨምሮበት፣ 15 ሜትር ገመድ ታስሮበት ከልጁ አሻግሮ ይወርወር። ባዶው ጀሪካን በነፋስ ይመለሳል። ወጥቶ ካልተነፈሰ ሆዱን አትጫኑ፤ አምስት ትንፋሽ ስጡ፣ ቀጥሎ 30 ደረት መጫን በ2 ትንፋሽ። ሌላ ሰው ወደ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ይደውል።

መሣሪያ ያዥ፦ ምሳው ላይ ለልጆች ጥሬ ዓሣ አይቀርብም፣ ይጠበስ።

ፀሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል፤ እስከ 4 ሰዓት፣ አንድ ጀልባ፣ ሦስት ዙር። ገመድ መጋዘን አለን፣ ናይሎን ነው።

ጋሽ (ጀልባ)፦ ናይሎን ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ባልዲ ውኃ ላይ ጣሉት።