«ኤክስታንት» ምን ማለት ነው? ቶሎ በሉኝ፣ ባነሩ ሊታተም ነው

ጠያቂ፦ ወገን ድረሱልኝ! ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው፤ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ስለ መጽሐፈ ሄኖክ የሰጡኝ እንግሊዝኛ «ዘ ኦንሊ ኮምፕሊት ኤክስታንት ቨርዥን ኢዝ ኢን ግዕዝ» ይላል። «የጠፋው ሙሉ ቅጂ በግዕዝ ነው» ብዬ ሰጠሁት። ዲዛይነሩ ማውሱን ለቀቀና «ከጠፋ ምኑን ልታሳዩ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነኝ አይደል?

ቡና ጠጪ፦ ከቲው ቀጥሎ ያለው ፊደል ኤ ነው ኢ? በኢ ከሆነ «ኤክስቴንት» ነው፤ መጠን ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ኤ ነው። ቶሎ!!

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ ወጥቶ መቆም፣ መታየት ማለት ነው። ትርጉሙ ሳይጠፋ የተረፈ፣ እስከ ዛሬ ያለ ነው። አንተ «ኤክስቲንክት» ከሚለው ጋር አምታተኸዋል፤ ያ ዘሩ የጠፋ ነው። ዳይኖሰር ኤክስቲንክት፣ ቀይ ቀበሮ ኤክስታንት። ደግሞ ከመኪና አደጋ የተረፈ ሰው ኤክስታንት አይባልም። ለጽሑፍ፣ ለሕንፃ፣ ለእንስሳ ዝርያ ነው። እኛ ተማሪ ሳለን መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ አንድ መስመር አንተረጉምም ነበር፤ ዛሬ ግን...

የመርካቶ ልጅ፦ ለፋሲካ 6 የሻይ ብርጭቆ ገዛሁ። ዛሬ ኤክስታንት የሆነው 1 ነው፣ እሱም ጠርዙ ተሸርፏል 😂 አምስቱ ባይሰበሩ ቃሉንም አልፈልገውም ነበር።

ሰላም ለሁሉ፦ ፊደሉን አይተኸዋል ወንድሜ? በኢ ከሆነ መጠን ማለት ነው።

ቡና ጠጪ፦ ኤ ነው አለ እኮ!

የመሪጌታ ልጅ፦ ነገሩ ከሥሩ ጠማማ ነው። «የተረፈ» ምን ማለት ነው? ሄኖክ እኛ ዘንድ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ከቃጠሎ የወጣ ዕቃ አስመሰላችሁት። ጠፍቶ የነበረው ለአውሮፓ ነው፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂ ይዞላቸው እስኪገባ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልክ ብለሃል። ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚያነጻጽረው ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኘው አራማይክ ቁርጥራጭ ነው፤ ግሪክኛውም ከፊሉ ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ ጠያቂ፣ «ሙሉ ሆኖ እስከ ዛሬ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው» በል። «ብቻ»ን ደግሞ በልተሃታል፣ መልሳት።

የመርካቶ ልጅ፦ ታተመ ወይ?

ቡና ጠጪ፦ 12 ሰዓት ካለፈ ቆየ።

የመርካቶ ልጅ፦ ጠያቂ? ኧረ ባነሩን ፎቶ አንሳልን።

አዲስ ገቢ፦ አሁን ነው ያየሁት። ፊደሉ በኢ ከሆነ መጠን ማለት ነው።