የሰባት ዓመቱን ያዕቆብን አንግሠው ትልቁን ሰውዬ ለምን ደቅ ላይ አሰሩት?

ጣና_ጋይድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ጀልባ ላይ ጋይድ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለሆነ አትሳቁብኝ እሺ። ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጡ ስድስት እንግዶች ይዤ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄድኩ፣ ሦስቱ ሴቶች ያው እንደምታውቁት አይገቡም ታች ጀልባው ጋ ቀሩ፣ ወንዶቹን ይዤ ወጣሁ። እቃ ቤት ውስጥ አባ የነገሥታቱን አፅም አንድ በአንድ አሳዩን፣ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲል። ሰው ሁሌ ዘርዓ ያዕቆብና ፋሲል ጋ ነው የሚቆመው፣ ዘድንግልን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ የዛን ቀን ግን አንዱ ጎልማሳ ሰውዬ እሱ ጋ ተገትሮ "ይሄ ደሞ ማነው?" አለኝ።

እኔም ያው የማውቀውን አልኩ፣ የአፄ ሠርፀ ድንግል የወንድም ልጅ ነው፣ መንገሥ የነበረበት እሱ ነበር፣ ግን የንጉሡን የሰባት ዓመት ልጅ ያዕቆብን አነገሡና እሱን እዚችው ፊት ለፊታችን ያለችው ደቅ ደሴት ላይ አሰሩት። ሰውዬው አለቀቀኝም፣ "ንጉሥ ራሱ ጦር መርቶ በሚዘምትበት ዘመን የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይሠራላቸዋል? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም?" እንደፈለጉ ለማዘዝ እንዲመቻቸው ነዋ አልኩት። "ለማን እንዲመች? ሁሉም አንድ ላይ ሊያዙት አይችሉ" አለኝ፣ እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ይባስ ብሎ ልጁ የነገሠው 1597 ነው ስል ሌላኛው ስልኩን አውጥቶ "1597 እኮ ዘድንግል የሞተበት ነው" ብሎ አሳየኝ። በላብ ተጠመቅኩ። ታች ስንወርድ ደሞ አንዷ እንግዳ "ዘደንገል ነው ያላችሁት? ከታንኳው ደንገል ጋር ይገናኛል?" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው፣ ቢያንስ እዛ ጋ ተረፍኩ 😅

ጥያቄዬ ባጭሩ፦ ልጁን የመረጡት እነማን ናቸው፣ ምንስ አተረፉ? የሚያውቅ በደንብ ያስረዳኝ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ያስፈልገኛል።

ዓባይ_ማዶ፦
ወንድሜ ይሄማ ምን ያስጠይቃል። ልጅ አይከራከርም፣ የተሰጠውን ያትማል። ሠርፀ ድንግል ሲሞት ሚስቱ እቴጌ ማርያም ስና ሥልጣኑ ከእጇ እንዳይወጣ ፈለገች፣ ትልቅ ሰው ቢነግሥ ቤቷ ልትቀመጥ ነው፣ ልጅ ቢነግሥ እሷ ልትነግሥ ነው። በቃ አለቀ። እንግዳህ አስቸጋሪ ሆኖብህ እንጂ ጥያቄው ቀላል ነው፣ በነገራችን ላይ ቲፕ ሰጠህ ወይ?

ጡረተኛው_መምህር፦
ልጄ ጣና ጋይድ፣ አይዞህ፣ በዓመቱ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልጁ የነገሠው በፈረንጅ 1597 ነው፣ በእኛ 1590 መሆኑ ነው። ዘድንግል የሞቱት ደግሞ በፈረንጅ 1604፣ በእኛ 1597። አንድ ቁጥር ሁለት ታሪክ ላይ ወደቀና አደናገራችሁ። ሁልጊዜ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድመህ ተናገር፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስጮህ የኖርኩት በዚሁ ነው። እኔም ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ወደ ጉዳዩ ስንገባ፣ ዓባይ ማዶ ያልከው ግማሹ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘለልክ፣ ያዕቆብ የማርያም ስና ልጅ አይደለም! እቴጌዋ ከሠርፀ ድንግል የወለዱት ሴቶች ልጆች ነው፣ ያዕቆብ ሐረጎ ከምትባል ከሌላ ሴት ነው የተወለደው። እንግዲህ እቴጌዋ የእንጀራ ልጃቸውን ነው ያነገሡት ማለት ነው፣ ለምን? እኔ ሁሌ ተማሪዎቼን የምላቸው ነገር አለ፣ ልጅ ንጉሥ ስታዩ መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ አትጠይቁ፣ አጎቶቹ እነማን ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። በሀገራችን ልጅ ሲነግሥ አብሮት የሚገባው የእናቱ ወንድም ነው። ያዕቆብ ጋ ግን የእናቱ ወገን በዚህ ሽኩቻ ውስጥ ቆሞ ሲታገል አናይም፣ ያ ክፍት ቦታ ነው፣ ክፍቱን ቦታ የያዙት ደግሞ የእቴጌዋ አማቾች ናቸው፣ ራስ አትናቴዎስና የትግሬው ክፍለ ዋሕድ፣ ሁለቱም የሟቹን ንጉሥ ሴት ልጆች ያገቡ። ለነሱ ዘድንግል ቢነግሥ ጎልማሳ ነው፣ የራሱ ሰው አለው፣ ሹመቱን እንደ አዲስ ያከፋፍላል። ስለዚህ ሠርፀ ድንግል መጀመሪያ ያሰቡት ዘድንግልን እንደነበር እየታወቀ ጫና አድርገው አስቀየሯቸው፣ ንጉሡም ወደ ዳሞት ዘመቻ ላይ ሳሉ ሞቱ፣ ዘድንግል ደቅ ታሰሩ፣ ሌላው ተፎካካሪ ሱስንዮስ ደግሞ ሸሽቶ ከኦሮሞዎች ጋር ተቀመጠ። ዘድንግልም በኋላ ከደቅ አምልጠው ወደ ጎጃም ተራሮች ገቡ፣ እንዴት ውሃውን እንደተሻገሩ ለእንግዶችህ ማሰብ ትተህላቸው እለፍ።

እንግዳህ "ለማን እንዲመች" ያለው እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ዝግጅት ስድስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ልጅ ያድጋል እኮ! ያዕቆብ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከሞግዚቱ ከራስ አትናቴዎስ ጋር ተጣላ፣ እሱን ሽሮ ዘሥላሴ የሚባለውን የጦር ሰው አመጣ። ይሄ ዘሥላሴ ልጁን እጠብቃለሁ ብሎ ገብቶ በ1603 ራሱን ያዕቆብን ሻረና ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ እናርያ ሰደደው፣ ከዚያ ማንን አነገሠ? ያንን ደቅ ታስሮ የነበረውን ዘድንግልን። ከዓመት በኋላ ደግሞ በዘድንግል ላይ ተነሣ። ዘድንግል ፔድሮ ፓኤዝ ከሚባለው ኢየሱሳዊ ጋር ተቀራርበው ወደ ካቶሊክ አዘንብለዋል ተብሎ የዚያ ዘመኑ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈቱት፣ በዚያ ላይ "ሰው ነፃ ነው፣ ገባሩ መሬቱ ነው" የሚል አዋጅ አስነገሩ ይባላል፣ ባለመሬቱ ምን ያህል እንደሚወደው አስቡት። ደምቢያ ባርጫ ላይ ተዋግተው ወደቁ። ሬሳቸው ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ቀረ፣ የአካባቢው ሰው ቀበራቸው፣ በኋላ ሱስንዮስ ሲነግሡ ነው አውጥተው ዳጋ ያመጧቸው። አንተ የምታሳየው አፅም ያ ነው።

ያዕቆብም ከስደት ተመልሶ ከሱስንዮስ ጋር ሲታገል 1607 ጎጃም ውስጥ ጎል ላይ ተገደለ፣ አቡነ ጴጥሮስም አብረው። ዕድሜውን ደምረው፣ አሥራ ሰባት ገደማ ነው። ዘሥላሴ ከውጊያው በፊት ወደ ሱስንዮስ ተገልብጦ ነበር፣ ግን እሳቸውም አላመኑትም፣ ጉዛምን አምባ ላይ አሰሩት፣ አምልጦ ሽፍታ ሲሆን አንድ ገበሬ ገደለው። (ይህን ክፍል ለጎጃሜ እንግዳ ስትነግር ድምፅህን ከፍ አድርግ።)

የደቅ_ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ደቅ ነው የተወለድኩት፣ አሁን ባህር ዳር ሽንብጥ ነው የምኖረው። ልጅ ሆነን ከደጃችን ዳጋ ይታየናል ግን እስካሁን ረግጬው አላውቅም፣ ወንድሞቼ ዲቁና ተቀብለው ገብተው ወጥተዋል፣ እኔና እናቴ ከውሃው ላይ ብቻ። ጣና ጋይድ ደግሞ አንድ ወቀሳ አለኝ፣ ሴቶች እንግዶችን ጀልባ ላይ ፀሐይ እያስመታችሁ ከምታስቀምጧቸው ትንሽ ቀዝፋችሁ ደቅ ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ቤተክርስቲያን ለምን አትወስዷቸውም?? ናርጋ ሴት ይገባል፣ ደግሞ ይሄንኑ ጥያቄህን በሌላ መንገድ የምትመልስልህ እዛ ነው ያለችው፣ ግድግዳው ላይ ተስላለች፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ።

ነገሩን አስተውሉት፣ የደቅ መሬት መጀመሪያ ልጅ ንጉሥ እንዲነግሥ ትልቁ የሚታሰርበት ሆነ፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ደግሞ የልጅ ንጉሥ እናት፣ ምንትዋብ፣ ናርጋን አሠራችበት። የሷም ልጅ ሲነግሥ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር እኮ! ባሏ አፄ በካፋ በፈረንጅ 1730 ሲሞት ትንሹ ኢያሱ ነገሠ። ግን ምንትዋብ ከማርያም ስና የተለየ ነገር አደረገች፣ ሞግዚት ብቻ ሆና አልቀረችም፣ በዛው ዓመት ራሷም ዘውድ ጫነች፣ ብርሃን ሞገስ ተባለች። ሞግዚት ከሆንሽ ልጁ ሲያድግ ሥራሽ ያልቃል፣ ዘውድ ከጫንሽ ግን ልጁ ቢያድግም አንቺ ንግሥት ነሽ። እኔ ይሄንን ሳስበው ሁሌ ይደንቀኛል፣ እነ ራስ አትናቴዎስ ቢያስቡት ኖሮ ማድረግ አይችሉም ነበር ወንድ ስለሆኑ 😂 አማች ዘውድ ቢጭን አመፅ ነው የሚሆነው፣ እናት ስትጭን ግን መሸከም ቻሉ። ደሞ በመምህር መለኪያ ብናየው አጎትየውም አለ፣ ወንድሟ ወልደ ልዑል ራስ ሆነ፣ የአገሯ የቋራ ሰው፣ ቋረኛው ሁሉ ሹመቱን ያዘ። ቀላል አልነበረም በ1732 ጎንደር ግቢ ውስጥ ከነልጇ ተከባ ነበር፣ ግን አለፈችው፣ ልጁም እስከ 1755 ነገሠ።

ስለዚህ ዓባይ ማዶ "ሥልጣን ፈለገች" ብለህ አትዝጋው፣ ማን ያልፈለገ አለ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው።

ዓባይ_ማዶ፦
እሺ እቴ ተሸነፍኩ፣ የደቅ ሰው ጋ ስለ ደቅ መከራከር የኔ ጥፋት ነው። ግን ምንትዋብን እንደዚህ ካሞገስሽ አንድ ነገር መልሺልኝ፣ ኢያሱ ሲሞት የልጅ ልጇን ኢዮአስን አነገሠች፣ ያም ልጅ ነበር፣ ያኔ ግን ጭራሹን ፈረሰባት። ዘውዱም ነበራት፣ ልምዱም ነበራት፣ ወንድሟም ራስ ነው። ምን ጎደለ?

ጡረተኛው_መምህር፦
ልመልስ ከተፈቀደልኝ። የጎደለ ሳይሆን የበዛ ነገር ነው፣ አጎት በዛ። ኢዮአስ እናቱ ውቢት የየጁ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ናት፣ እሷም እንደ አማቷ እንደ ምንትዋብ የንጉሥ እናት ነች፣ የነገሠው ልጄ ነው አለች፣ ልክ ናትም፣ ራሷ ምንትዋብ ለኢያሱ ያለችው እኮ ይህንኑ ነው። የውቢት ወንድሞች ሉቦና ብራሌ ሰዎቻቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥም ኦሮምኛ ብቻ ነበር የሚሰማው ብሎ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጽፏል። አንድ ዙፋን፣ ሁለት እናት፣ ሁለት ቤት አጎት። ብዙ ሰው ይህን የዘር ጠብ ብቻ አድርጎ ያወራዋል፣ እኔ አይመስለኝም፣ ቋረኞቹም ሲመጡ የጎንደር የድሮ ባለሥልጣን "እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ" ብሎ ነበር፣ ተራው ለነሱ ደረሳቸው እንጂ። ሁለቱን ወገን በመካከል ይዞ የቆየው ራስ ወልደ ልዑል ነው፣ እሱ 1767 ሲሞት ገመዱ ተበጠሰ። የሚዳኝ ሲጠፋ ከውጭ ጉልበተኛ ተጠራ፣ የትግሬው ሚካኤል ስሑል መጣ፣ ከመጣ በኋላ ግን የማንም ወገን አልሆነም የራሱ ሆነ እንጂ፣ 1769 ላይ ኢዮአስን አስገደለው። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከዚያ ይጀምራል። ዘሥላሴና ስሑል እኔ ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የማያቸው፣ ሁለቱም ለእርዳታ የተጠሩ ናቸው።

ምንትዋብ ግን ልጅ ዓባይ ማዶ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 1773 ጎንደር አጠገብ ቁስቋም ባለው ቤተ መንግሥቷ ቆይታለች። ያንን ሁሉ አይታ።

ጣና_ጋይድ፦
በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም፣ መምህር ዓመቱን ደብተር ላይ ጻፍኩት፣ "የማን አቆጣጠር" ብዬ ከላዩ አስምሬበታለሁ። የአጎቱን ነገር ለእንግዶች እንደጥያቄ አድርጌ ነው የማቀርበው፣ ልጁን ማን ያዘው ብዬ። የደቅ ልጅ ወቀሳሽን ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ላይ ናርጋን አስገባለሁ፣ ችግሩ ናርጋ ከተጨመረ ነዳጁም ይጨምራል ደሞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ከተነሳ ውሃው ስለሚያስቸግር ከባህር ዳር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መነሳት አለብን፣ የአዲስ አበባ ሰው ደሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ስትለው ሁለት ሰዓት ነው የሚመጣው 😅 ዓባይ ማዶ ቲፕ ሰጥቷል፣ ሁለት መቶ ብር፣ ለጥያቄው ብዛት ግን አይመጥንም።

የደቅ_ልጅ፦
አንድ ነገር ልጠይቅህና፣ ወንድሞቼን ጠይቄ በቅጡ የሚነግረኝ ጠፋ። ዘድንግል ጋ ቆመህ ደቅ ይታያል?

ጣና_ጋይድ፦
እቃ ቤት ውስጥ ሆነሽ አይታይም፣ ጨለም ያለ ነው፣ አፅሞቹም መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ወጥተሽ መንገዱን ትንሽ ወረድ ስትይ ግን ዛፎቹ መሃል ውሃው ብልጭ ይላል፣ ከዛ ማዶ ደቅ ነው። እኔ እስከዛሬ እዛ ጋ ፎቶ አንሱ ብቻ ነበር የምላቸው።