ብሉቤሪ ለቀማ በኪሎ 3 ዶላር፣ በ417 ቪዛ፦ ሕጋዊ ነው?

ሳባ ኬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አውስትራሊያ፣ ኮፍስ ሃርበር አካባቢ የብሉቤሪ ለቀማ ሥራ ቀርቦልኛል። ፓስፖርቴ የካናዳ ነው፣ ቪዛዬ 417 (እየሠሩ ለመዝናናት ለወጣቶች የሚሰጠው)። ቀጣሪው እርሻው ሳይሆን ኮንትራክተር (ሠራተኛ አቅራቢ) ነው። ክፍያው በኪሎ 3 ዶላር ሲሆን ጀማሪ በሰዓት 5 ኪሎ ያህል ይለቅማል አሉኝ። "ሥራው በቁርጥ ስለሆነ የሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ አይመለከትሽም፣ ኤቢኤን (የንግድ መለያ ቁጥር) አውጪ" ብለው ጽፈውልኛል። የመኝታና የመጓጓዣም ከደመወዝ ይቆረጣል። ቪዛውን ለሁለተኛ ጊዜ ለማግኘት የሚጠየቀው የ88 ቀን ሥራ በዚህ ይቆጠርልኛል?

ሒሳብ ይቅደም፦
ሳባ፣ "አይመለከትሽም" ያሉሽ ድሮ ቀርቷል። ሆርቲካልቸር አዋርድ የሚባለው የዘርፉ የደመወዝ ደንብ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2022 ተሻሽሎ ለቁርጥ ሠራተኛ ወለል ተቀምጧል። ቀጣሪው በየቀኑ ሁለት ሒሳብ ሠርቶ የሚበልጠውን መክፈል አለበት፦ በኪሎ የመጣውን፣ ወይም የሠራሽውን ሰዓት በሰዓት ክፍያው አባዝቶ።

የሰዓት ክፍያው ለካዡዋል (ቋሚ ላልሆነ ሠራተኛ) 25% ተጨምሮበት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከፌር ወርክ (የመንግሥት የሥራ ሕግ ተቆጣጣሪ) የደመወዝ ማስያ ላይ እይ፣ በየጁላይ 1 ይለወጣል። ለስሌት እንዲመች 30 ዶላር ብለን እንያዝ። 8 ሰዓት ሠርተሽ 40 ኪሎ ብትለቅሚ በቁርጥ 120 ዶላር ነው። ወለሉ ግን 240 ስለሆነ ቀሪውን 120 ቀጣሪው ይሞላል። ሰኞ ብዙ ለቅመሻል ብሎ የማክሰኞውን ጉድለት ማቻቻል አይችልም።

የኪሎው ዋጋም ራሱ ሕግ አለው። ሥራውን ቢያንስ 76 ሰዓት የሠራ ሰው ከሰዓት ክፍያው 15% አብልጦ ማግኘት እንዲችል ሆኖ መወሰን አለበት፤ በኛ ምሳሌ 34.50 ዶላር መሆኑ ነው። በ3 ዶላር እዚያ ለመድረስ በሰዓት 11.5 ኪሎ ያስፈልጋል። የለመዱት ሰዎች በዚያ ማሳ በሰዓት በአማካይ 8 ኪሎ የሚለቅሙ ከሆነ ዋጋው ከ4.32 ማነስ የለበትም። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ፍሬው ይሳሳል፣ ኪሎው ይወርዳል፤ ዋጋው ግን እንዳለ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ጋ ነው፤ ማለቴ የሚጭበረበረው።

ማስታወሻ ያዥ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ግን ማጭበርበሩ ዛሬ ከኪሎው ወደ ሰዓቱ ዞሯል። ለ8 ሰዓት ሥራ 120 ዶላር ከፍለው ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) ላይ "4 ሰዓት" ብለው ይጽፋሉ። 120 ለ 30 ሲካፈል 4 ስለሆነ ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ፔይስሊፕ ሲደርስሽ መጀመሪያ የምታዪው ዶላሩን ሳይሆን ሰዓቱን ይሁን።

በየቀኑ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ የምሳ ዕረፍቱን፣ የኪሎውን ብዛትና የእርሻውን ስም ጻፊ። ጤዛው እስኪደርቅ ፎርማኑ "እዚሁ ጠብቁ" ካለ እሱንም መዝግቢ። የሚዛኑን ወረቀት ፎቶ አንሺ፣ ሥራ የሚጠሩበትን የዋትሳፕ መልእክት አታጥፊ። የቁርጥ ሠራተኛን ሰዓት መመዝገብ የቀጣሪው ግዴታ ነው፤ መዝገብ ካልያዘና ክርክር ከተነሣ የማስረዳቱ ሸክም ወደ እሱ ይዞራል። የኪሎውንም ዋጋ ሥራ ሳይጀመር በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። ፔይስሊፕ ደግሞ ከተከፈለሽ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ።

ደረሰኝ የት አለ፦
ስለ ኤቢኤን፦ ሰዓቱን እነሱ ከወሰኑ፣ ባልዲውን እነሱ ከሰጡ፣ የትኛው ረድፍ እንደምትገቢ እነሱ ከነገሩሽ ተቀጣሪ ነሽ። ኤቢኤን የሚያስወጡሽ ሱፐር (ቀጣሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ) ላለመክፈል ነው። ቲኤፍኤን (የግብር መለያ ቁጥር) ብቻ አውጪ፣ በነፃ ነው። ቲኤፍኤን ካልሰጠሽ 45% ይቆረጣል። በዚህ ቪዛ ትክክለኛው ግብር እስከ 45,000 ዶላር ድረስ 15% ነው፤ ለዚህ ግን ቀጣሪው በግብር መሥሪያ ቤቱ የዚህ ቪዛ ቀጣሪ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ካልሆነ 30% ይቆርጣል። ሱፐር ከጁላይ 2025 ጀምሮ 12% ሆኗል፣ ከደመወዝሽ በላይ የሚከፈል እንጂ ከውስጡ የሚወጣ አይደለም። አገር ለቀሽ ስትወጪ ከሱ ላይ 65% ግብር ይወስዳሉ፣ ያናድዳል፣ ቢሆንም ቀሪውን አትተዪው።

የመኝታው ተቆራጭ በጽሑፍ ካልፈቀድሽና በዋናነት ለአንቺ ጥቅም ካልሆነ አይያዝም። ኪራዩን ለብቻ ከፍለሽ ደረሰኝ መቀበሉ ይሻላል።

በኩዊንስላንድ፣ በቪክቶሪያና በሳውዝ አውስትራሊያ ኮንትራክተር ፈቃድ ማውጣት ስላለበት ስሙን በሕዝብ መዝገብ ማጣራት ይቻላል። ኮፍስ ሃርበር ያለው ኒው ሳውዝ ዌልስ ስለሆነ እዚያ ይህ የለም፤ ጥንቃቄው በአንቺ ላይ ይወድቃል።

ሳባ ኬ፦
እናመሰግናለን። ብከስ ቪዛዬን ያሰርዙብኛል?

ማስታወሻ ያዥ፦
ቀጣሪ ቪዛ መሰረዝ አይችልም። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ በቪዛ ማስፈራራት ራሱ ወንጀል ነው። 88ቱን ቀን የምታስረጂው በፔይስሊፕ ነው፣ ክፍያውም በደንቡ መሠረት መሆን ስላለበት ኤቢኤኑና 3 ዶላሩ ለቪዛሽም አይበጁም። ፌር ወርክ ኦምቡድስማን 13 13 94 ነው። በአማርኛ ለማነጋገር መጀመሪያ 131 450 ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ያገናኙሻል። ያልተከፈለ ደመወዝ እስከ 6 ዓመት ድረስ ይጠየቃል፣ አገር ለቀሽ ከወጣሽ በኋላም ቢሆን።

ሒሳብ ይቅደም፦
ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር፦ ይህ ቪዛ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሰጥም። "417 አወጣልሃለሁ" የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ።