«በጊዜ ቢመጡ መድህኑ ይበቃቸዋል» ላለው ሰው

የሊሙ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ የጅማ ግሩፓችን ላይ አንድ ሰው «የካንሰር ታማሚ ቤተሰብ የሚደኸየው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ በጊዜ ቢመጡ የጤና መድህኑ ይበቃቸዋል» ብሎ ጻፈ። እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴ ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ገና ሽምብራ ያክል ነበር። ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ማስታገሻ ሰጥተው መለሷት። ታዲያ የዘገየው ማነው?

የአጂፕ ሰፈር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትህን አላህ ይማራት። ግን ያልኩትን አላጥፍም። የማህፀን በር ካንሰር ዓመታት ወስዶ ነው የሚያድገው፤ በቅድመ ምርመራ ይያዛል። እሱን የሚከላከለው የልጃገረዶች ክትባትም ከ2011 ጀምሮ እየተሰጠ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህኑም ቢሆን በ2003 ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ሊሙ ኮሳ ነው።

የሊሙ ልጅ፦ ስለ ክትባት አልጠየቅኩህም። «ይበቃቸዋል» ያልከውን መልስልኝ። እህቴ ወጪ የምትጽፍበት ደብተር እጄ ላይ ነው። ባጃጅ። አልጋ። የአስታማሚ ምሳ። እዚያ የለም ተብለን ከውጭ የገዛነው መድኃኒት። ኬሞው፣ የካንሰር መድኃኒቱ፣ በየ21 ቀኑ ነበር፤ በየ21 ቀኑ ይሄው ዝርዝር ይደገማል። ቡናችን አበባ ላይ እያለ ለነጋዴ ተሸጠ። ጥቅምት ላይ ሲቀላ የለቀምነው የሰው ቡና ነው።

ነርስ ነኝ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የጨረር ሕክምና በሳምንት አምስት ቀን ነው፣ ለሳምንታት። ከዴዶ የመጣች ሴት በየቀኑ ልትመላለስ አትችልም፤ ቤት ትከራያለች። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ያኔ ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ ነበር። አሁን ጅማ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን የኪራዩን ማንም አይከፍልላትም።

የአጂፕ ሰፈር፦ እኔም ያልኩት ስለ ሕክምናው ነው፣ ስለ ኪራይ አላወራሁም።

የሊሙ ልጅ፦ አልጋ ሳይኖራት የምትታከመው የት ተኝታ ነው?

የሂርማታዋ፦ ስለ እድርስ ለምን አናወራም? ጎረቤቴ ስትሞት በአንድ ሰዓት ድንኳን ተተከለ፣ ገንዘብ ተቆጠረ። ስምንት ወር ስትማቅቅ ግን ለትራንስፖርት እንኳ አልሰጠናትም። እኔም አባል ነኝ፤ አፍራለሁ።

ጋሽ የቦሳው፦ ልጄ፣ እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው። ለሁሉም በሽተኛ ከከፈለ ሣጥኑ በዓመቱ ባዶ ይሆናል።

የሂርማታዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን። የዚያን ገንዘብ ግማሹን በቁሟ ብንሰጣት አትሞትም ነበር ማለቴ አይደለም። ልጇ ግን ከትምህርት አይቀርም ነበር። አስታማሚ ሆኖ ነው አሥረኛ ክፍልን ያቋረጠው።

ጋሽ የቦሳው፦ በስብሰባ ይነሳ እንጂ እዚህ አይወሰንም።

የሂርማታዋ፦ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ ጋሼ። እርስዎም ነበሩ።

የአጂፕ ሰፈር፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ሰው በጊዜ ይመርመር ማለት ጥፋቱ ምንድን ነው?

የሊሙ ልጅ፦ ጥፋት የለውም። «ይበቃቸዋል» የምትለዋን ቃል ብቻ አንሳ።

የአጂፕ ሰፈር፦ አላነሳም።

የሊሙ ልጅ፦ እሺ። ነገ ደብተሩን ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ። 14 ገጽ ነው። መድህን የከፈለውን አንድ መስመር ፈልገህ አሳየኝ።