አድማጩ የማን ነው?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የዛሬው ክርክራችን ይህ ነው። ያለ አሳታሚ፣ በራሱ ገንዘብ ዘፈኑን እያስቀረጸ የሚያወጣ የጎንደር ሙዚቀኛ የአድማጮቹን ኢሜይል መዝግቦ መያዝ አለበት? ወይስ የዩቲዩብና የቴሌግራም ተከታይ ይበቃዋል? እባካችሁ በምክንያት እንከራከር።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ መያዝ አለበት፤ ያውም ዛሬ ነገ ሳይል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታግደው በነበረበት ጊዜ አዲስ ሥራ ያወጣ ሰው ለማን ይንገር? ቪፒኤን የጫነ ሰማ፣ ያልጫነ ሳይሰማ ቀረ። ኢሜይል ግን በዚያ እገዳ ውስጥ አልነበረም። ተከታዩ በሺህ የሚቆጠር ድምፃዊ ከእነዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ በስሙ ጠርቶ ሊያገኘው አልቻለም፤ አድራሻቸው ያለው ኩባንያው ዘንድ እንጂ እርሱ ዘንድ አይደለማ።

እገዳ ባይኖርም ዋስትና የለም። ማይስፔስ የሚባለው ድረ ገጽ በጊዜው የዓለም ሙዚቀኛ ሁሉ መናኸሪያ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2003 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተጫኑት ዘፈኖች እንደጠፉ አሳወቀ፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን ነው የተባለው። የአድማጮቹን አድራሻ ለብቻው የያዘ ሰው ግን ነገ ከነገ ወዲያ «ዘፈኔን አሁን እዚህ ታገኙታላችሁ» ብሎ ይጽፍላቸዋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአዝማሪዎቹ መንደር የቡርቧክስ አዝማሪ ለሠርግ አንድ ቤት ሲገባ የባለቤቱን ስም፣ የአባቱን ሙያ፣ የዘመዱን ማዕረግ ጠይቆ አውቆ ነው። ውዳሴው ጆሮ የሚገባው በዚያ ዕውቀት ነው። አድማጩን ሳያውቅ የሚዘፍን አዝማሪ እኔ አላየሁም።

ድምፃዊት፣ ማራኪ፦ ወንድሜ፣ ስለ አዝማሪው ያልከው እውነት ነው፤ ስለ ኢሜይሉ ግን አልስማማም። በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ኢሜይል የኖረው ስልክ ሲገዛ የሱቁ ልጅ ስለከፈተለት ነው። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፣ የመጣለትን መልእክትም ከፍቶ አያውቅም። ስልኩ ከጠፋ በአዲሱ ላይ ሌላ ይከፈትለታል፤ የድሮው በዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለውን አድራሻ ሰብስቤ ምን ላደርገው ነው? የ2015ቱን እገዳ ካነሣህ ደግሞ ተከትሎት የመጣውንም አንሣ። በዚያው ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ኢሜይልህ ለማን ደረሰ? ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። እኔም ሰው ባለበት እዘፍናለሁ።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ እህቴ፣ የከተማውን ሰው በተመለከተ ትክክል ነሽ። ለአዘዞና ለአራዳ አድማጭ ስልክ ቁጥሩን ይዤ አጭር መልእክት ብልክለት ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ መልእክት መክፈል ቢኖርብኝም። እኔ ግን የማስበው ለጥምቀት የሚመጣውን ሰው ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በዋዜማው ማታ ከፊቴ ተቀምጦ ግጥም ይሰጠኛል፣ «ተቀበል» ይለኛል፣ ይሸልመኛል፣ የእናቱን አገር ስም ስጠራለት ያለቅሳል። ከዚያ ይሄዳል። ስሙን ዘፍኜለት፣ አድራሻውን አላውቅም! ይህ ሰው ለሥራው ሲል ኢሜይሉን በየቀኑ ይከፍታል። ዘፈን የሚገዛውም፣ ለልጁ ሠርግ የሚጠራኝም እርሱ ነው። እዚህ ኢንተርኔት ሲቋረጥም እርሱ ያለበት አገር አልተቋረጠም፤ መልእክቱን አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ሊልክልኝ ይችላል፣ ዝርዝሩ በእጄ እስካለ ድረስ።

የባህል ምሽት ቤት ባለቤት፣ ፒያሳ፦ ልጆቼ፣ በዚህ ነገር የቤቱም ሰው ይናገር። እኛ በራፋችን ላይ ደብተርና እስክሪብቶ አኑረን ነበር። መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ እንግዳው ቆሞ ይጽፋል፣ ከኋላው ሌላው ይገፋዋል። በማግስቱ ስትገልጡት ዜሮው ከላቲኑ ኦ አይለይም፣ የቁጥር አንድና የኤል ፊደል አንድ ሆነዋል፣ የብርጭቆ ውኃ የነካው መስመር ፈስሷል። በኢሜይል አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ደግሞ መልእክቱ አይደርስም። ስለዚህ እንግዳው ራሱ በስልክ ላይ ይጻፈው፣ እዚያው ቆሞ ሳለ ሰላምታ ይላክለት፣ ደረሰኝ ሲል ይመዝገብ። ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

የስቱዲዮ ባለሙያ፣ ቀበሌ 18፦ እማማ ያሉት ላይ የቴክኒኩን ልጨምር። በተራ የጂሜይል አካውንት በቀን ከ500 ሰው በላይ መላክ አይቻልም። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስትልኩ አድራሻዎቹን ቢሲሲ በሚባለው ሳጥን አስገቡ፤ አለዚያ እያንዳንዱ ተቀባይ የሌላውን ሁሉ አድራሻ ያያል። አድራሻ ከነጋዴ መግዛትን ደግሞ ፈጽሞ አታስቡት። ያልጠየቀ ሰው መልእክታችሁን አይፈለጌ ብሎ ሲያመለክት የኢሜይሉ ድርጅት እናንተን መጠርጠር ይጀምራል፤ ያኔ የጠየቀውም ሰው እንዳያገኘው ትሆናላችሁ። ጉግል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ5000 በላይ ለጂሜይል ተጠቃሚዎች የሚልኩትን «አይድረሰኝ» የሚል በአንድ ንክኪ የሚሠራ መውጫ እንዲያስገቡ ያስገድዳል፤ «አይፈለጌ ነው» የሚለው አቤቱታም ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። የእኛ ቁጥር ከዚያ በጣም ያነሰ ቢሆንም ልማዱን ከአሁኑ እንያዘው።

ጡረተኛ የሕግ መምህር፦ ሁላችሁም ስለ መላክ ትናገራላችሁ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መያዙ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው ለምን እንደምትፈልጉት ተነግሮት ሊፈቅድ፣ ሲፈልግም ፈቃዱን ሊያነሣ ይገባል። ከአዋጁም በላይ ያለንበትን ጊዜ እዩ። ማን በየትኛው ምሽት የት ቤት እንደ ነበር የሚናገር ወረቀት በር ላይ ተዘርግቶ ማደር አለበት? ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከእርሱ በፊት የጻፉትን ሁሉ ያነባል። ስምና ኢሜይል ይበቃል። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ ከማን ጋር እንደ መጣ አትጠይቁ። ስልካችሁም ያለ መቆለፊያ አይሁን።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ ጋሼ፣ ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የአድማጬ ደኅንነት ከዘፈኔ ይቀድማል።

ድምፃዊት፣ ማራኪ፦ የጥምቀቱን እንግዳ በተመለከተ አሳምነኸኛል። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፦ ምን ተብሎ ይጻፋል? በየሳምንቱ «ስሙልኝ፣ አጋሩልኝ» የሚል መልእክት እኔን ራሴን ይሰለቸኛል። ለልምምድ ያልበቃ ጊዜ ለደብዳቤ ከየት ይመጣል?

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ በየሳምንቱ ማን አለሽ! አዲስ ዘፈን ሲወጣና ጥምቀት ሲቃረብ ይበቃል። የሚጻፈውም ግጥሙ ነው። ውጭ ያደገው ልጅ ሰሙን ይሰማል፣ ወርቁ ያመልጠዋል። ግጥሙን ከነፍቺው፣ የየትኛው መንደር አዘፋፈን እንደሆነ፣ በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት እንደሆነ ጽፈሽ ብትልኪለት አባቱ ዘንድ ይዞት ይሄዳል። ቲክቶክ ላይ በሚያልፍ ቁራጭ ይህን ማድረግ አይቻልም። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ስለዚህ ነው።

የባህል ምሽት ቤት ባለቤት፣ ፒያሳ፦ መልካም። ነገር ግን እንግዳው የመጣው ወደ ቤቴ ነው። ኪራዩን የምከፍለው፣ አስተናጋጁን የማቆመው እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ለሙዚቀኛው ብቻ ከሆነ፣ ሙዚቀኛው ነገ ወደ ጎረቤት ቤት ሲዛወር እንግዶቼን ይዞ ሊሄድ ነው?

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ እማማ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ግን ዝርዝሩ የቤቱ ብቻ ሲሆን ሙዚቀኛው እንደ መጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ወሳኙ እንግዳው ይሁን። ሁለት ምርጫ ይቅረብለት፦ «ከሙዚቀኛው ይድረሰኝ»፣ «ከቤቱ ይድረሰኝ»። ሁለቱንም ካለ ሁለታችንም እንያዝ። አንዱን ካለ ያኛው አይንካው።

የባህል ምሽት ቤት ባለቤት፣ ፒያሳ፦ ምርጫውን እቀበላለሁ። በቤቴ በሰበሰብኸው አድራሻ ላይ ግን ውልህ እስኪያበቃ ድረስ የሌላ ቤት ምሽት እንዳታስተዋውቅ በጽሑፍ እንፈራረማለን።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ አራዳ፦ ስለ ሌላ ቤት ምሽት እፈርማለሁ። ስለ ዘፈኔና ስለ ሠርግ ሥራ ግን አልፈርምም።

የስቱዲዮ ባለሙያ፣ ቀበሌ 18፦ ሁለቱን ምርጫ የያዘውን ቅጽ እኔ አዘጋጃለሁ፤ ጋሼ ቃላቱን ይመልከቱልኝ።