ሚኒያፖሊስ በረዶ ሲጥል መኪናዬን የት ላቁም? የሌሊት ሠራተኛ ነኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። አፓርታማዬ ፓርኪንግ ስለሌለው መኪናዬን የማቆመው መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት በረዶ ጥሎ "ስኖው ኢመርጀንሲ" (መንገዱ እስኪጠረግ መኪና ማቆም የሚከለክል የበረዶ አዋጅ) ታወጀ። የሥራ ባልደረባዬ "በሁለተኛው ቀን ሙሉ ቁጥር፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚከለከለው" አለችኝ። እኔ የመሰለኝ የሰሌዳ ቁጥር ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የግል መኪኖች በሰሌዳቸው ሙሉና ጎዶሎ ተለይተው በፈረቃ ነበር የሚወጡት፤ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ሰሌዳዬ በ7 ስለሚያልቅ ተረጋግቼ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ስነሳ መኪናዬ የለችም። ተሰረቅኩ ብዬ አለቀስኩ። ለካ ተጎትታ ነው። ለማስወጣት የከፈልኩት ለእናቴ ልልክላት ያስቀመጥኩትን ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣና ቀኑን እተኛለሁ። ደንቡን በቀላሉ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ እባካችሁ።

የ12 ዓመት ነዋሪ፦
አይዞሽ እህቴ። ቁጥሩ የሰሌዳ ሳይሆን የቤት ቁጥር ነው። በመንገዱ አንድ ጎን ያሉት ቤቶች ቁጥራቸው በ0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ያልቃል፤ ሙሉ የሚባለው ያ ጎን ነው። ማዶው ጎዶሎ ነው።

በእኛ ሰዓት ልንገርሽ። አዋጁ የሚነገረው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚጀምረው በዚያው ምሽት 3 ሰዓት ነው፤ ስልክሽ ላይ 9:00 ማለት ነው። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቀይ የስኖው ኢመርጀንሲ ምልክት ባላቸው ዋና መንገዶች ላይ በሁለቱም ጎን ማቆም ክልክል ነው። ሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ያኔ ምልክት በሌላቸው የሰፈር መንገዶች ሙሉው ጎን ይከለከላል። በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ያው ነው፣ ተራው የጎዶሎው ጎን ነው።

አንቺን የሚጎዳሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ነው። ልክ እንቅልፍ ሲወስድሽ ነው የሚጀምሩት። ከሥራ ስትመለሺ፣ ገና ሳትተኚ፣ ትክክለኛው ጎን ላይ አቁሚ።

ከሴዳር፦
እኔ የማውቀው ዊንተሩን በሙሉ እስከ ኤፕሪል 1 ሙሉው ጎን ላይ አለማቆም ነው። ለምን አትገላገልም?

የ12 ዓመት ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ እሱ ሌላ አዋጅ ነው። በረዶው ተከምሮ መንገዱ ሲጠብና አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ማለፍ ሲቸግራቸው ለብቻው ይታወጃል። በ2023 ታውጆ ነበር። ከታወጀ በሰፈር መንገዶች ሙሉው ጎን እስከ ኤፕሪል 1 ይከለከላል፤ ቀድሞ ካልተነሳ በስተቀር። ሁልጊዜ የለም።

የሴንት ፖሏ፦
እህቴ፣ ወንዙን ተሻግረሽ ዘመድ ጋ ስትመጪ ይህን ደንብ ይዘሽ እንዳትመጪ። ጎረቤት ከተማችሁ ሴንት ፖል ደንቧ ሌላ ነው። "ናይት ፕላው" (የሌሊት ጠረጋ) የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 12 ሰዓት ይጠረጋል። ምልክት የሌለበት በማግስቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሙሉና ጎዶሎ ብለሽ ብታቆሚ ያው ትጎተቻለሽ። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እንዲሁ ሆኜ ነው የተማርኩት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ከሥራ ስመለስ ጎዶሎው ጎን ሞልቶ ይጠብቀኛል። ምን ላድርግ?

ታክሲ ነጂ፦
እህቴ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዋና መንገዶቹ ሌሊት ተጠርገው አልቀዋል። ቀይ ምልክት ያለው መንገድ ላይ፣ እስከ ጠርዙ ከተጠረገ፣ ማቆም ትችያለሽ። ሌላ የፓርኪንግ ሜትር (የክፍያ) ወይም የሰዓት ክልከላ አለመኖሩን ብቻ አንብቢ። ሁለት ብሎክ ብትሄጂ ይሻልሻል።

የሰፈሩም መንገድ እንደዚያው ነው። በጎንሽ እስከ ጠርዙ ከተጠረገ በኋላ ሰዓቱ ባይሞላም መመለስ ይፈቀዳል። ግን ተጠንቀቂ። አንዳንዴ የበረዶ መጥረጊያው ማሽን መጀመሪያ መሀሉን ብቻ ጠርጎ ይሄዳል። ያ አልተጠረገም፤ ተመልሶ ይመጣል።

አካፋ መኪናሽ ውስጥ ይኑር። ማሽኑ ሲያልፍ በረዶውን ጎማሽ ላይ ከምሮት ነው የሚሄደው፤ ካደረ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ደግሞ በረዶ ባይኖርም መኪና አንድ ቦታ መንገድ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ አይቆምም። ለእረፍት ስትሄጂ ቁልፉን ለሰው ስጪ። ግራ ሲገባሽ የከተማው መረጃ ስልክ 311 ላይ ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ጠያቂ፦
አሁን ወጥቼ አየሁ። የእኛ ሕንፃ ቁጥር በ8 ያልቃል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ማዶ፣ በሦስተኛው ቀን ደጃችን ማለት ነው?

የ12 ዓመት ነዋሪ፦
አዎ፣ ልክ ነሽ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት።